ስለ ጊኒ ትል፤ በጋምቤላ ለሚያስተምሩ መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተጻፈ ትምህርት

ይህ ትምህርት የሚናገረው ጊኒ ትል ስለሚባለው ደዌ ነው። ሐኪሞች በቋንቋቸው ድራኩንኩሊያሲስ ይሉታል። ይህ ደዌ ከጥቂቶች በቀር ከዓለም አገሮች ሁሉ ጠፍቷል፤ ከቀሩትም ከጥቂቶቹ አንዷ አገራችን ኢትዮጵያ ናት፤ በኢትዮጵያም ውስጥ የመጨረሻ መጠጊያው የጋምቤላ ክልል፥ ይልቁንም የጎግና የአቦቦ ወረዳዎች ናቸው። ስለዚህ በሌላ አውራጃ የሚኖር መምህር ይህን ጽሕፈት ለዕውቀት ያህል ቢያነበው ይበቃዋል፤ በጋምቤላ የሚኖር መምህር ግን ለሥራው ያነበዋል።

ዓመቶቹን የምንቈጥረው በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ አስቀድሞ ይወቅ፤ መንግሥታት የሕመምተኞችን ቍጥር ለዓለም የሚያስታውቁት በዚያው አቈጣጠር ስለ ሆነ ነው።

ትሉ ወደ ሰው ሥጋ የሚገባው በውሃ ነው። በረጋ ኩሬ ውስጥ ዓይን በጭንቅ የሚያያት፥ የውሃ ቁንጫ የምትባል ታናሽ ፍጥረት አለች። የትሉን ዕጭ የበላች የውሃ ቁንጫ ያለችበትን ውሃ ሰው ሳያጠልል ቢጠጣ፥ ቁንጫዋ በጨጓራው ውስጥ ትሞታለች፤ ዕጩ ግን አይሞትም። አንጀቱን በስቶ ይወጣና በሥጋው ውስጥ ያድጋል፤ ሴቲቱ ትል ከወንዱ ከተገናኘች በኋላ እስከ 100 ሳንቲ ሜትር ድረስ ትረዝማለች። እንዲህ ሁሉ ሲሆን ባለቤቱ ምንም አይሰማውም፤ ይበላል፥ ያርሳል፥ ይጨፍራል። አንድ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ግን ትሏ ለመውጣት ስትቀርብ፥ ብዙውን ጊዜ ከጕልበት በታች፥ ውሃ የቋጠረ እብጠት ይታይና እንደ እሳት ያቃጥላል። ሕመምተኛውም ቃጠሎውን ለማብረድ እግሩን በኩሬ ይነክራል፤ ትሏም የምትጠብቀው ይህን ነውና ራሷን አውጥታ በመቶ ሺሕ የሚቈጠር ዕጭ በውሃው ውስጥ ትተፋለች። ዕጩን የውሃ ቁንጫዎች ይበሉታል፤ ሁለት ሳምንት ያህል ካለፈም በኋላ ያ ኩሬ ለጠጪው ሁሉ ወጥመድ ይሆናል። እንግዲህ አንዱ ሰው ምንም ክፋት ሳያስብ የጐረቤቱን ውሃ ይበክላል፤ በሚመጣውም ዓመት ራሱ መልሶ ይጠጣዋል፤ አንድ ጊዜ የታመመ ዳግመኛ አይያዝም የሚባለው ነገር ለዚህ ደዌ አይሠራምና።

በዚህ ስፍራ ልብ ማድረግ የሚገባ ነገር አለ። ትሉ የሚተላለፈው በረጋ ውሃ ነው እንጂ በሚፈስ ወንዝ አይደለም። ይህን የምንጽፈው በጋምቤላ ከተማ በኒውላንድ ተቀምጠን ነው፤ የከተማችን ሰው «እኛ በባሮ ዳር ስንኖር ይህን ትል አላየንም፤ ነገሩ የገጠር ነገር ነው» ቢል አያስደንቅም። ነገር ግን ባሮ ከዚህ ትል ቢያተርፈውም ከኮሌራና ከተቅማጥ አያተርፈውምና፥ ሳያፈላ እንዲጠጣ ፈቃድ የተሰጠው አይምሰለው። ደግሞም የኒውላንድ ሰው ዘወትር በኒውላንድ አይቀመጥም፤ ለእርሻ፥ ለንግድ፥ ዘመድ ለመጠየቅ ወደ አቦቦና ወደ ጎግ ይወርዳል፤ በመንገድም ይጠማዋል።

ሕክምናውን በተመለከተ የምንናገረው አጭር ነው፤ ብዙ ሕክምና የለውምና። ትሉን የሚገድል ኪኒን የለም፤ መርፌም የለም፤ ክትባትም አልተገኘለትም። ያለው ዘዴ ከጥንት ጀምሮ የነበረው ነው፤ ቍስሉን በንጹሕ ውሃ እያጠቡ፥ ብቅ ያለውን የትሉን ጫፍ በታናሽ እንጨት ወይም በቍስል ማሰሪያ ጨርቅ ላይ ጠቅልሎ፥ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሳንቲ ሜትር እየሳቡ ማውጣት ነው። ይህም ሳምንታት ይፈጃል። ቸኵሎ የጐተተው ሰው ትሉን ይበጥሰዋል፤ የተበጠሰውም ትል በውስጥ ቀርቶ ሥጋውን ያመረቅዛል፤ እግር እስከ ማሽመድመድ የሚደርስበትም ጊዜ አለ። የደዌው ጥንታዊነት ግን የተረጋገጠ ነው፤ በግብፅ ሳይፈርስ በተገኘ ጥንታዊ በድን ውስጥ የደረቀ ትል ታይቷል። በኦሪት ዘኍልቍ የተጻፈው የእሳት እባብም ይኸው ትል ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ ይህ ግን ግምት ነውና መምህሩ ለተማሪዎቹ እንደ ታወቀ ነገር አድርጎ አይንገራቸው።

መድኃኒት ከሌለው ታዲያ ከብዙ አገር እንዴት ጠፋ? በመካከለኛው እስያ ቡኻራ የምትባል ጥንታዊት ከተማ አለች። ሕዝቧ በደረጃ እየወረደ ከሚቀዳባቸው ኩሬዎች ይጠጣ ነበር፤ ትሉም እጅግ በርትቶበት ነበር። ፌድቼንኮ የተባለው የሩሲያ ሊቅ በ1870 ገደማ በዚያው በእስያ ምድር ሲመረምር ትሉ በውሃ ቁንጫ እንደሚተላለፍ ተረዳ። ነገሩ ከታወቀም በኋላ የቡኻራ ሰው ግማሽ ምእት ዓመት ያህል ከዚያው ኩሬ ሲጠጣና ሲታመም ኖረ፤ በ1920ዎቹ ዓመታት ኢሳዬቭ የሚባል ሐኪም ከረዳቶቹ ጋር ሆኖ ኩሬዎቹን ማድረቅ እስኪጀምር ድረስ ማንም አልነካቸውም ነበር። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ትሉ ከቡኻራ ጠፋ። ያዳናቸው አዲስ መድኃኒት አይደለም፤ ከሃምሳ ዓመት በፊት የታወቀው ነገር በሥራ መዋሉ ነው።

በዓለም ሁሉ የተደረገውም ዘመቻ እንዲሁ ነው። በ1986 የዓለም የጤና ጉባኤ ይህ ደዌ ይጥፋ ብሎ ወሰነ። በዚያን ዓመት በአፍሪካና በእስያ በ21 አገሮች 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይታመሙ እንደ ነበረ ይገመታል። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጂሚ ካርተርም በስማቸው በተቋቋመው ማዕከል አማካይነት ዘመቻውን ይመሩ ጀመር። ማጥለያ ጨርቅ ታደለ፤ ጕድጓድ ተቈፈረ፤ በየመንደሩ ጠባቂ ተሾመ፤ ሕመምተኛው ወደ ውሃ እንዳይገባ ተከለከለ። ሕንድ በ2000፥ ናይጄሪያ በ2013፥ ጋና በ2015፥ ኬንያም በ2018 ነጻ መውጣታቸው በዓለም የጤና ድርጅት ተመሰከረላቸው። በ2024 በዓለም ሁሉ የተገኙት ሕመምተኞች 15 ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም በቻድና በደቡብ ሱዳን ነው። ካርተር በ2015 ታምመው ሳሉ የመጨረሻው ጊኒ ትል ከእርሳቸው በፊት ቢሞት እንደሚወድዱ ተናግረው ነበር፤ በዲሴምበር 29 ቀን 2024 በ100 ዓመታቸው ሲያርፉ ግን ትሉ ገና አልሞተም ነበር።

አሁን ወደ አገራችን ቍጥር እንመለስ። በኢትዮጵያ ዘመቻው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲቋቋም ደዌው በጋምቤላና በደቡብ ኦሞ ይገኝ ነበር፤ በ1994ም የተመዘገበው ሕመምተኛ ከአንድ ሺሕ በላይ ነበር። ከዚያ እያነሰ ሄዶ በ2016 ሦስት ሰዎች ብቻ ታመሙ። በ2017 ግን 15 ሆኑ። በ2018ና በ2019 አንድም ሰው አልታመመም፤ ሰውም ሁሉ «እንግዲህ አለቀ» አለ። በ2020 11 ሰዎች ታመሙ። በ2021 አንድ፥ በ2022 አንድ፤ በ2023ና በ2024 ደግሞ ምንም አልተገኘም። አንባቢ ይህን ቍጥር ሁለት ጊዜ ያንብበው። ሁለት ዓመት ባዶ ሆኖ በሦስተኛው ዓመት 11 የሆነበትን ምክንያት ያላስተዋለ ሰው፥ የዚህን ደዌ ጠባይ ገና አላወቀም። አንድ አገር ነጻ ነው ተብሎ እንዲመሰከርለት ቢያንስ ሦስት ዓመት ተከታትሎ ከሰውም ከእንስሳም ትሉ መታጣት አለበት የተባለው ስለዚህ ነው።

በዚህ ጊዜ ሽማግሌዎች አንድ ጥያቄ ያነሣሉ፤ ጥያቄውም የሚናቅ አይደለም። «ንዳድ በየክረምቱ ልጆቻችንን ይወስዳል፤ በወሊድ የሚሞቱ እናቶች አሉ፤ በየጤና ኬላው መድኃኒት ያልቃል። ታዲያ መንግሥትና የውጭ አገር ድርጅት አንድ ወይም ሁለት ሰው ለሚያመው ትል፥ ያውም ለማይገድል ትል፥ ይህን ያህል ገንዘብና ሰው የሚያወጡት ስለ ምንድር ነው? ትልቁ እሳት ሳለ ታናሿን ፍም የሚያጠፋ ማን ነው?» ይላሉ። በጋምቤላ ቈላ የኖረ ሰው ንዳድ ምን እንደሚያደርግ ያውቃልና ይህን የሚጠይቀውን ሽማግሌ መምህሩ አይቈጣው፤ በቁም ነገር ይመልስለት።

በእኛ በኩል መልሱ እንዲህ ይመስለናል። ንዳድን ፈጽሞ ለመንቀል ዛሬ የሚችል የለም፤ ማሳነስ ይቻላል፥ መሥራትም ይገባል፤ በሚመጣው ዓመት ግን ደግሞ መሥራት ያስፈልጋል። ጊኒ ትል ግን የሚነቀል ነው። አንድ ጊዜ ከተነቀለ ለእርሱ የሚወጣው ወጪ ለዘለዓለም ይቀራል። ፈንጣጣ እንዲህ ሆኗል፤ በአገራችን የመጨረሻው ሕመምተኛ በ1976፥ በሶማሊያም በ1977 ታየ፤ በ1980 ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ፤ ዛሬ ለፈንጣጣ ክንዱን የሚከተብ ሕፃን በመንደራችን የለም። ነገር ግን ሊያልቅ ሲል የተተወ እንደ ሆነ፥ እስከ ዛሬ የወጣው ሁሉ ከንቱ ይሆናል፤ ከሦስት ወደ 15፥ ከባዶም ወደ 11 የተመለሰው በዓይናችን እያየን ነው። አይገድልም ስለ መባሉም፥ እውነት ነው፥ ብዙ ጊዜ አይገድልም። ነገር ግን ለወር ለሁለት ወር ከእርሻ ያስቀራል፤ በማሊ ያለው የዶጎን ሕዝብ ይህን ደዌ የባዶ ጎተራ በሽታ ይለዋል። ገበሬ ለሆነ ሰው ከዚህ የበለጠ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ይህን ሁሉ ብለን ግን የሽማግሌውን ቅሬታ ፈጽመን አንጥለውም፤ ስለ ትል የሚጠይቅ ሠራተኛ ወደ መንደሩ በመጣ ጊዜ በንዳድ የሚንቀጠቀጠውን ሕፃን አይቶ ቢያልፍ፥ ሕዝቡ በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ትሉም አይነግረውም።

አሁን ነገሩ ወደሚጠነክርበት ስፍራ ደርሰናል። ብዙ ሰው «መንደሩ የጕድጓድ ውሃ ካገኘ ነገሩ አለቀ» ብሎ ያስባል። በእርግጥ ንጹሕ ጕድጓድ ከሁሉ ይበልጣል፤ የእጅ ፓምፑ ተሰብሮ ወር ሙሉ ሳይጠገን የሚቀርበትም መንደር ጕድጓድ እንደሌለው መንደር ይቈጠራል። ይሁን እንጂ ጕድጓዱ በመንደር ይቀመጣል፤ ሰው ግን በመንደር ብቻ አይኖርም። አዳኙ፥ ማር ቈራጩ፥ ዓሣ አጥማጁ፥ በሩቅ ማሳ የሚያድረው ገበሬ ቀኑን ሙሉ በዱር ይውላል፤ ሲጠማውም በአጠገቡ ካገኘው ኩሬ ጐንበስ ብሎ ይጠጣል። በ2017 የታመሙት ሰዎች ከሌላ ክልል መጥተው በአቦቦ ወረዳ በአንድ ሰፊ እርሻ የቀን ሥራ ይሠሩ የነበሩ ናቸው፤ የጠጡትም በእርሻው ውስጥ ካለ ኩሬ ያልተጠለለ ውሃ ነው። ይህ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው። ሰዎቹ የጋምቤላን ውሃ ጠባይ አያውቁም፤ የነገራቸውም አልነበረም፤ ትሉም የወጣባቸው ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ነው። ስለዚህ የቀን ሠራተኛ የሚያሰማራ ባለ እርሻ ሁሉ ከደመወዙ አስቀድሞ የሚጠጡትን ውሃ ማሰናዳት ግዴታው ሊሆን ይገባል እንላለን፤ የወረዳ ሹማምንትም ይህን ሳያረጋግጡ ሠራተኛ እንዳያስገቡ።

እንግዲህ ጕድጓዱ ሰውን ተከትሎ ወደ ዱር ካልሄደ፥ ማጥለያው ከሰው ጋር መሄድ አለበት። ለቤት የሚሆነው ማጥለያ ጨርቅ በእንስራ አፍ ላይ ይታሰራል፤ ለመንገደኛ ግን በአንገት የሚንጠለጠል፥ በጫፉ ማጥለያ ያለበት ታናሽ የመምጠጫ ቧንቧ ተሠርቷል። በጤና ሠራተኞች በኩል ያለ ዋጋ ይታደላል። ጐልማሶች አንገታቸው ላይ ማንጠልጠል ያፍራሉ፤ የልጅ ነገር ይመስላቸዋል። በዚህ ላይ የሽማግሌ ቃል ከጤና ሠራተኛ ቃል ይበልጣል። አንድ የተከበረ አዳኝ ቧንቧውን አንጠልጥሎ በገበያ መካከል ቢያልፍ፥ አሥር ጊዜ ከሚሰጥ ምክር ይሻላል። ማጥለያው የተቀደደ እንደ ሆነ ግን ምንም አይጠቅምምና በየጊዜው በፀሐይ ብርሃን ዘርግቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ይህም ለትምህርት ቤት ልጆች የሚሰጥ ጥሩ ሥራ ነው።

ስለ እንስሳት ደግሞ ጥቂት እንናገር፤ ትሉን እስከ ዛሬ ያቈየው በብዙው ይህ ነውና። በጎግና በአቦቦ ዱር ትሉ በውሾችና በዝንጀሮዎች ላይ ይገኛል። ትል ያለበት ውሻ በኩሬ ውስጥ በገባ ጊዜ እንደ ሰው ኩሬውን ይበክላል፤ ሰው ሁሉ ቢድን እንኳ በውሻው ምክንያት ደዌው ይመለሳል። ስለዚህ ከ2018 ጀምሮ በሚያሠጉት መንደሮች ውሾችን አስሮ መጠበቅ ታዝዟል። ለአዳኝ ውሻውን ማሰር ከባድ ነው፤ ውሻ የታሰረ ለት አደን የለምና። እኛም ይህን ትእዛዝ ቀላል ነው አንልም። ሆኖም የታሰረ ውሻ ምግቡንና የተጣራ ውሃውን ከጌታው ካላገኘ ገመዱን በጥሶ መሄዱ አይቀርምና፥ ማሰር ማለት ደግሞ መመገብ ማለት መሆኑን ልጆች ይማሩ። ዝንጀሮን ግን ማን ያስረዋል? መርማሪዎች ዝንጀሮ እያጠመዱ ይመረምራሉ፤ ለእርሱ የሚበጀው ግን ኩሬውን ማከም ብቻ ነው። ዓሣ የሚያጠምድ ሰውም የዓሣውን ሆድ ዕቃ ለውሻ አይጣልለት፤ ይቅበረው ወይም ያቃጥለው፤ ዓሣውንም ፈጽሞ አብስሎ ይብላ፤ በቻድ የተደረገው ምርመራ ትሉ በዓሣና በእንቍራሪት በኩልም እንስሳትን ሊይዝ እንደሚችል አሳይቷልና።

ደዌው የታየበት ሰው ምን ያድርግ? በዚያው ቀን ለጤና ኬላ ይነገር። በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ፤ ከ2003 ጀምሮ መንግሥት ያቋቋመው ሥራ ነው፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ የመንደሩ ልጆች ስለ ሆኑ ሰው አያፍራቸውም። በሰው ወይም በእንስሳ ላይ ትል አይቶ ለሚያስታውቅ የገንዘብ ሽልማት ተመድቧል። ይህን ሽልማት አንዳንድ ሰው ይነቅፈዋል፤ «ሰው ለወንድሙ ጤና ዋጋ መቀበል አለበትን?» ይላል። እኛ ግን አንነቅፈውም፤ ትል የወጣበት ገበሬ ሳምንታት ሙሉ ከማሳው ተለይቶ በጤና ሠራተኛ ዘንድ እንዲቀመጥ ይጠየቃልና፥ ለራሱ ሳይሆን ለጐረቤቱ ኩሬ ሲል የሚቀመጠውን ሰው ቤተ ሰቡን አስርቦ መስደድ ግፍ ነው። የሚከፋው ደዌውን መደበቅ ነው። ሰው የሚደብቀው ብዙ ጊዜ በፍርሃትና በእፍረት ነው፤ መተት ወይም ርግማን ነው የሚሉም አሉ። ትሉ ከውሃ የመጣ እንጂ ከጐረቤት ዓይን የመጣ አለመሆኑን በጉባኤ ፊት የሚናገር ሽማግሌ እፍረቱን ያቀልላል።

በትምህርት ቤትም መምህሩ ይህን ነገር በመጀመሪያ በልጆቹ በራሳቸው ቋንቋ፥ በአኙዋክኛ፥ በኑዌርኛ፥ በመዠንግርኛ ይንገራቸው፤ በአማርኛ የሸመደዱትን ቃል ለእናታቸው ሊነግሯት አይችሉምና። ከኩሬ የተቀዳ ውሃ በብርጭቆ ሞልቶ በፀሐይ አንጻር ቢያሳያቸው በውስጡ የሚዘሉትን ታናናሾች ፍጥረቶች ያያሉ፤ ያንኑም ውሃ በማጥለያ አሳልፎ ዳግመኛ ያሳያቸው። ልጅ በዓይኑ ያየውን አይረሳም፤ ማታም በቤቱ ይናገራል።

ሽማግሌውና መምህሩ ተባብረው የሚሠሩት ሌላ ሥራ ደግሞ አለ። የጤና ሠራተኞች በየወሩ ገደማ ወደ ኩሬዎች «አቤት» የሚባል መድኃኒት ይጨምራሉ፤ ስሙ የእኛን አቤት ይመስላል እንጂ የውጭ አገር ቃል ነው፤ በልኩ ሲጨመር ሰውንና ዓሣን ሳይጐዳ የውሃ ቁንጫን ይገድላል። ነገር ግን ሠራተኞቹ ሊያክሙ የሚችሉት የሚያውቁትን ኩሬ ብቻ ነው። በዱር ውስጥ ያለውን ስውር ኩሬ የሚያውቁት አዳኞች፥ ማር ቈራጮችና ከብት ጠባቂ ልጆች ናቸው። ስለዚህ መምህሩ ልጆቹን እያንዳንዱ የሚያውቀውን ኩሬ በስሙ ይጠይቅ፤ ምሽት ላይም ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጦ የጐደለውን ይሙላ፤ በየትኛው መንገድ እንደሚኬድና ከየትኛው ዛፍ አጠገብ እንደ ሆነ በወረቀት ጽፎ ለጤና ኬላው ያስረክብ። ዝርዝሩም በየዓመቱ ክረምት ካለፈ በኋላ ይታደስ፤ ጎርፍ ካለፈ በኋላ አንዳንዱ ኩሬ ይደፈናል፥ ሌላውም አምና ባልነበረበት ስፍራ ይገኛልና።